እፉኝት በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ውስጥ፦ አካሉ፣ ምግቡና መርዙ

ከሞጆ ተነሥቶ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በአዋሽ መልካሳና በወለንጪቲ በኩል እስከ መተሐራ፣ በሌላም በኩል በቆቃ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አድርጎ እስከ ሻሸመኔ ባለው የስምጥ ሸለቆ ክፍል የሚሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ጤፍ፣ ስለ በቆሎ፣ ስለ ቦሎቄና ስለ ሽንኩርት ብዙ ይጠየቃል። ከእነዚህ ሰብሎች ጋር በአንድ ማሳ ውስጥ ስለሚኖረው ስለ እፉኝት ግን የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ሰው ከተነደፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ “ምን እናድርግ?” የሚል። በዚያች ሰዓት የሚሰጠው መልስ የአንድን ገበሬ እግር ሊያድን ወይም ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መልሱን አስቀድመው እንዲያውቁት ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

እፉኝት ከሌሎች እባቦች የሚለይበት ዋናው ጠባይ አለመሸሹ ነው። አብዛኛው እባብ የሰው ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ ቀድሞ ይሰማና ሾልኮ ይሄዳል። እፉኝት ግን ባለበት ቦታ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ሰው በአጠገቡ ቢያልፍ እንኳ ብዙውን ጊዜ ንቅንቅ አይልም። ሰውን የሚነድፈው ሊያጠቃ ፈልጎ ሳይሆን ሲረገጥ ወይም እጅ ሲያርፍበት ነው። የአካሉ ቅርጽ፣ የሚበላው ምግብና የመርዙ አሠራር ሁሉ ከዚህ ጠባዩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ገበሬው ይህን አንድ ነገር በሚገባ ከተረዳ የቀረው ምክር በቀላሉ ይገባዋል።

የትኛው እባብ ነው?

“እፉኝት” የሚለው ስም በየአካባቢው ለተለያዩ መርዛም እባቦች ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ እፉኝት የምንለው በኦሮምኛ ቡቲ የሚባለውን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ ተብሎ የሚታወቀውን ወፍራምና አጭር እባብ ነው። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል፣ ከጥቅጥቅ ደን፣ ከፍጹም በረሃና ከከፍተኛ ተራሮች ጫፍ በቀር፣ በአብዛኛው ቦታ ይገኛል። በሞሮኮና በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ደቡብ ምዕራብም አለ። ሣርና ግራር የበዛበት፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና የእርሻ ማሳ የተቀላቀለበት አገር በጣም ይስማማዋል። ይህ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ መልክ ነው።

አገራችን በሌላ በየትም አገር የማይገኙ ሁለት የቅርብ ዘመዶቹም አሏት። አንደኛው በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖረውና እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የታወቀው ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ሲሆን፣ ሁለተኛው በባሌ ሐረና ደን የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2016 ስም የወጣለት ቢቲስ ሐረና ነው። ሁለቱም የደን እባቦች ስለሆኑ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ አያገኛቸውም። በመተማና በሑመራ ቆላ የሰሊጥ ሠራተኞችን የሚነድፈው ትንሹ እባብ (ኤኪስ) ደግሞ ሌላ ወገን ነው፤ የእርሱ መርዝ በይበልጥ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ስለዚህ ከዚያ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች የሚያወሩት ምልክትና በእኛ አካባቢ የሚታየው ሁልጊዜ አይመሳሰልም።

ከእፉኝት ጋር ተምታትተው በከንቱ የሚገደሉ እባቦችም አሉ። የዘንዶ ግልገልና በአሸዋማ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው አጭሩ እባብ ሁለቱም ወፍራሞችና ዝንጉርጉሮች ቢሆኑም መርዝ የላቸውም። የአሸዋው እባብ ራሱ ከአንገቱ አይለይም፤ ቅርፊቱም ልሙጥ ነው። በመኖሪያ ቤት አካባቢ የሚታየው ቀጭኑ ቡናማ የቤት እባብም አይጥ ከመብላት በቀር የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

አካሉ

የእፉኝት ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ እስከ 190 ሳ.ሜ. የደረሰና ክብደቱ ከ6 ኪሎ ግራም ያለፈ ተመዝግቧል። ሰውነቱ ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ወፍራም፣ ጅራቱ ግን አጭር ነው። ቀለሙ እንደ አፈሩ ዓይነት ከቢጫ እስከ ቡናማና ግራጫ ይለያያል። በጀርባው ላይ ጫፋቸውን ወደ ጅራት ያደረጉ፣ በወታደር ክንድ ላይ የሚሰፋውን የማዕረግ ምልክት የሚመስሉ ጥቁር መስመሮች ከራሱ ጀምረው ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ቅርፊት በመካከሉ ሸንተረር ስላለው አካሉ ሻካራ ነው፤ እንደ ሌላው እባብ አያብረቀርቅም። በደረቀ የበቆሎ ቅጠል ወይም በአገዳ መካከል የተኛ እፉኝት ያለበትን ቦታ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ለማየት ያስቸግራል።

ራሱ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከቀጭኑ አንገቱ በግልጽ ይለያል። እንዲህ የሰፋው በሁለቱም ጎን የመርዝ እጢዎችን ስለተሸከመ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ወደ ላይ የዞሩ ናቸው። የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ይህም የሌሊት አዳኝ መሆኑን ያመለክታል።

ሲሄድ እንደ ሌላው እባብ አይጠማዘዝም። የሆዱን ሰፋፊ ቅርፊቶች በተራ በተራ እያነሣና እየጎተተ፣ እንደ አባ ጨጓሬ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ስለዚህ በአቧራማ መንገድ ላይ የሚተወው ፈለግ የብስክሌት ጎማ ያለፈበት የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ነው። ገበሬው ጠዋት በማሳው መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ፈለግ ካየ ሌሊቱን እፉኝት አልፎበት ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥር። በአካሄዱ እጅግ ዘገምተኛ መሆኑ ግን ሊያታልል አይገባም፤ ሲነድፍ ዓይን ሊከተለው ከሚችለው በላይ ፈጣን ነው። ሲቆጣ ሳንባውን በአየር ሞልቶ ሰውነቱን ይነፋና እንደ ወናፍ ረጅም የ“እፍ” ድምፅ ያወጣል። ይህ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሰማ ሰው ባለበት መቆም፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየትና በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። ሳያስጠነቅቅ የሚነድፍበት ጊዜም ብዙ ስለሆነ በድምፁ ብቻ መተማመን አይቻልም።

የመርዝ ጥርሶቹ ሁለት ሲሆኑ ከ12 እስከ 18 ሚ.ሜ. ይረዝማሉ። ውስጣቸው እንደ መርፌ ክፍት ነው። አፉ ሲዘጋ ወደ ኋላ ታጥፈው በላንቃው ላይ ይተኛሉ፤ ሲከፈት ጥርሶቹን የተሸከመው አጥንት እንደ ማጠፊያ ዞሮ ወደ ፊት ያቆማቸዋል። ከኋላቸው ተተኪ ጥርሶች ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁ ጥርሱ የተሰበረ እፉኝት ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ቀድሞው ይሆናል። የተቆረጠ ራስ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ የመንከስ ኃይል አለው። ስለሆነም የተገደለን እባብ ልጆች በእጃቸው እንዳይነኩ ማድረግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ አወላለዱ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። ከጥንት ጀምሮ፣ ፊሳልጎስ በተባለው የግእዝ መጽሐፍ በኩልም ጭምር፣ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ፣ እናቲቱም ትሞታለች የሚል እምነት በአገራችን ተስፋፍቷል። “የእፉኝት ልጅ” የሚለው ስድብም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ግልገሎቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው በሕይወት ይወለዳሉ፣ ሽፋኑንም ወዲያው ቀድደው ይወጣሉ። ቀድደው መውጣታቸው እውነት ነው፤ የሚቀድዱት ግን የእናታቸውን ሆድ አይደለም። እናቲቱም ደኅና ሆና ትቀራለች። በአንድ ጊዜ የሚወለዱት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ይደርሳሉ፤ ከኬንያ የተወሰደች አንዲት እፉኝት በቼክ አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ 156 ወልዳ ተመዝግባለች። ግልገሎቹ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ ስላላቸው ትንሽነታቸው ሊያዘናጋ አይገባም።

አይጥ ባለችበት

የእፉኝት ዋናው ምግብ አይጥ ነው። ጉርጥ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ በምድር ላይ የሚመላለሱ ወፎችና ጫጩቶችም ይበላል። አይጥ አሳድዶ አይዝም፤ የምትመላለስበትን ጠባብ መንገድ ያገኝና ራሱን ወደ መንገዱ አቅንቶ ይተኛል። በዚያው ቦታ ለብዙ ቀናት ሊቆይ ይችላል። አይጧ ስትደርስ ነድፎ ይለቃታል፤ ብዙም ሳትርቅ ትሞታለች፣ እርሱም ሽታዋን ተከትሎ ያገኛትና ከራሷ ጀምሮ ይውጣታል። ጉርጥ ሲያድን ደግሞ ምላሱን አውጥቶ ቀስ እያለ እንደ ትል እንደሚያወዛውዝ በደቡብ አፍሪካ በካሜራ የተከታተሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አሳውቀዋል። ጉርጡ ትል አገኘሁ ብሎ ሲጠጋ ይያዛል።

ከዚሁ አገር የተገኘ ሌላ የምርምር ውጤት ለገበሬው ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት በማሽተት የሠለጠኑ ውሾች ሌሎችን እባቦች በሽታቸው ለይተው ሲያገኙ እፉኝትን ግን ሊለዩት አልቻሉም። ለቀናት በአንድ ቦታ የሚተኛ እንስሳ ሽታው ቢያጋልጠው ኖሮ በአውሬ ይበላ ነበር። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ “ውሻዬ ከፊቴ ይሄዳል” ብሎ በጨለማ ማሳ ውስጥ መግባት ከእፉኝት አያድንም።

በስምጥ ሸለቆ አይጥን የሚያበዛው እህል ነው። እዚህ ማሳ ውስጥ ከሚገኙት አይጦች አንዷ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሳይንስ ስትታወቅ በአዋሽ ወንዝ ስም ተሰይማለች፤ ወገኖቿ በአንድ ወሊድ 10 እና ከዚያ በላይ ግልገል የሚወልዱ በመሆናቸው የታወቁ ናቸው። ክረምቱ ጥሩ ሆኖ ሰብሉ ሲያምር አይጥ ይበዛል፤ አይጥ በበዛበት የማሳ ድንበር፣ የአገዳ ክምርና የጎተራ ሥር እፉኝት ይመጣል። እፉኝት ወደ መኖሪያ ግቢ የሚገባው ሰው ፈልጎ ሳይሆን የፈሰሰ እህል የጠራቸውን አይጦች ተከትሎ ነው። ስለዚህ ከእፉኝት ለመጠበቅ የሚደረገው ሥራ ከአብዛኛው ወገን የአይጥ መከላከል ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚወጣው ጉልበት በእህሉም በኩል ስለሚመለስ ለገበሬው ማስረዳት አያስቸግርም።

ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ በግቢ መበተን እባብን ያርቃል የሚባለው አልተረጋገጠም። የሚጠቅመው የታወቀው ሥራ ነው። ጎተራው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግሮቹ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራ የአይጥ መከላከያ ቆብ ይደረግለት። የበቆሎ አገዳና ጭድ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ አይከመር፤ ቢቻል በቆጥ ላይ ይሁን። የድንጋይ ክምርና የብሎኬት ፍርስራሽ፣ በተለይ አዳማ እየሰፋች ወደ እርሻ መሬት በምትገባባቸው ሰፈሮች፣ ከደጃፍ ይነሣ። በማሳ ድንበር ያለው ረጅም አረም ከአጨዳ በፊት ይመንጠር።

በአጨዳ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያስፈልገው ቦሎቄ ነው። ጤፍ የሚያጭድ ሰው ቢያንስ ማጭዱ ከእጁ ይቀድማል። ቦሎቄ ግን ከነሥሩ በባዶ እጅ ስለሚነቀል ጣቶች ከመሬት ጋር ይነካካሉ፤ የተነቀለውም ለመድረቅ በየቦታው ተከምሮ ከቆየ በኋላ በደረት ታቅፎ ወደ አውድማ ይወሰዳል። አይጦች ከክምሩ ሥር ይገባሉ፣ እፉኝቱም ይከተላል። ፍሬው እንዳይረግፍ ገና ጤዛ ሳለ መንቀል ትክክለኛ ምክር ነው፤ ነገር ግን ጤዛው ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ጥቂት ስለሚቆይ መሬቱ በደንብ እስኪታይ መጠበቅ ምርቱን አይጎዳም። ክምሩን ከማንሣት በፊት በመንሽ ወይም በረጅም እንጨት አንድ ጊዜ መገልበጥ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ልማድ የማኅበሩ አባላት በሙሉ ቢይዙት ከማንኛውም ሌላ ምክር የበለጠ እጅ ያድናል ብለን እናምናለን።

በመቂና በባቱ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ ተራቸው ብዙ ጊዜ ሌሊት ይደርሳል። ውሃው በቦዩ ሲገባ ጉርጥና እንቁራሪት ይሰበሰባሉ፤ ጉርጥ ባለበት ደግሞ እፉኝት ሊኖር ይችላል። በባዶ እግር ወይም በሸበጥ፣ በጨለማ፣ በቦይ ዳር መሄድ ለአደጋ መጋለጥ ነው። ቦቲ ጫማና የእጅ ባትሪ ለብዙ ገበሬ ውድ ስለሚሆኑ፣ ማኅበሩ ጥቂት ጥንድ ገዝቶ ለውሃ ተረኞች እየተላለፉ እንዲሠራባቸው ቢያደርግ መልካም ነው። በማሳ ጎጆ የሚያድር ጠባቂም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይተኛ፤ ለወባ የተሰጠው አጎበር ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ከተጠቀጠቀ ከእባብም ይከላከላል።

እፉኝት ሲገኝ መገደል አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ከመንደር በራቀ ቁጥቋጦና በማሳ ዳር ያለው ቢተው ይሻላል፤ ከጉጉት ጋር ሆኖ አይጥን የሚቀንስልን እርሱ ነው። እርሱኑ ሊገድሉ ሲጠጉ የሚነደፉ ሰዎችም አሉ። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ የተገኘውን ግን ይተው ብለን አንሰብክም። ሕፃናቱን ካራቁ በኋላ የለመደ ሰው በረጅም እንጨት ያስወግደው።

መርዙ ምን ያደርጋል?

አንድ እፉኝት በአንድ ጊዜ የሚያመነጨው መርዝ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 350 ሚሊ ግራም ይመዝናል። 100 ሚሊ ግራም ያህሉ ጤነኛ አዋቂን ለመግደል ሊበቃ እንደሚችል ይገመታል። ይሁን እንጂ እባቡ ሁልጊዜ መርዙን በሙሉ አይለቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ጥርሱን ብቻ ሰክቶ ያለ መርዝ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ለጥቁር ድንጋይና ለሌሎችም መድኃኒቶች የሚነገርላቸው ዝና ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ መርዝ ሳይገባበት የዳነ ሰው ያዳነው ድንጋዩ ነው ብሎ ይመሰክራል።

መርዙ የብዙ ፕሮቲኖች ቅልቅል ነው። ከእነዚህም ዋነኞቹ ሥጋንና የትንንሽ ደም ሥሮችን ግድግዳ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ናቸው። እፉኝቱ አይጧን እንዲፈጭ የሚረዳው መርዝ በሰው እግር ውስጥም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ግድግዳቸው የተበሳ ደም ሥሮች ፈሳሹንና ደሙን ወደ ሥጋው ያፈሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ኃይለኛ የሚያቃጥል ሕመም፣ ቀጥሎ እብጠት ይመጣል። እብጠቱ በአንድ ቀን ውስጥ ከቁርጭምጭሚት እስከ ታፋ ሊደርስ ይችላል። ቆዳው ይጠቁራል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ሥጋው እየሞተ ሊሄድ ይችላል። ከድድና ከቁስሉ ደም መፍሰስም ይታያል። ብዙ ደምና ፈሳሽ በእግሩ ውስጥ ሲከማች የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሰውየው አንዲት ጠብታ ደም ወደ ውጭ ሳይፈስሰው ደሙ እንዳለቀ ሰው ይሆናል። በሕፃናት ላይ ይህ ቶሎ ይደርሳል፤ የሰውነታቸው ደም ጥቂት፣ የገባው መርዝ ግን ከአዋቂው የማያንስ ነውና።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የእፉኝት መርዝ በአብዛኛው በደቂቃዎች አይገድልም። ሞት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከብዙ ሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ማሳዎች አብዛኞቹ ሐኪም ቤት ለመድረስ ይህ ጊዜ ይበቃል፤ በከንቱ ካላለፈ ብቻ ነው።

ከተነደፈ በኋላ

ጊዜውንም እግሩንም ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠፋው በገመድ ወይም በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ማሰር የሚደረገው መርዙ ወደ ልብ እንዳይደርስ በሚል በጎ ሐሳብ ነው። የእፉኝት መርዝ ግን ሥጋን የሚያጠፋ ስለሆነ፣ በአንድ ቦታ ታስሮ ሲቆይ ያንን ቦታ ፈጽሞ ያጠፋዋል፤ ደም መግባት ሲከለከል ደግሞ ከመርዙ የተረፈው ሥጋም አብሮ ይሞታል። እግር እስከ መቆረጥ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ነው። ታስሮ ለሰዓታት የቆየ ሰው ከተገኘ ግን በመንገድ ላይ በድንገት አይፈታ፤ የታገደው መርዝ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ ሐኪም ባለበት ቀስ ተብሎ ይፈታ።

በምላጭ መብጣትም እንደዚሁ ጉዳት ነው፤ ደሙ አልረጋ ባለ ሰው ላይ የተከፈተ ቁስል ያለማቋረጥ ይደማል። በአፍ መምጠጥ፣ በእሳት መተኮስ፣ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ፣ አረቄ ማጠጣት አንዳቸውም መርዙን አያወጡም። ለሕመሙ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት የደም መፍሰስን ስለሚያባብስ አይገባም፤ ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል።

መደረግ ያለበት ጥቂትና ቀላል ነው። የተነደፈውን ሰው ከእባቡ ማራቅ፣ ማረጋጋትና ማስተኛት፤ እብጠቱ ሳይደርስ ቀለበት፣ አምባር፣ የእግር አልቦና ጫማ ማውለቅ፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ አጥንቱ እንደተሰበረ ሰው በእንጨት ደግፎ፣ ጨርቁን ሳያጠብቁ፣ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። በጨርቁና በቆዳው መካከል ጣት በቀላሉ መግባት አለበት፤ እብጠቱ ሲጨምርም ይላላለት። ከዚያ በኋላ በቃሬዛ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ ወይም በተገኘው ሁሉ መውሰድ ነው። ታማሚው በእግሩ አይሂድ። በሞተር ብስክሌት መውሰድ ካስፈለገ በመካከል አስቀምጦ ከኋላው አንድ ሰው ይያዘው። ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። እባቡን ፈልጎ ገድሎ ለማምጣት መሞከር ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው፤ ከሩቅ በስልክ ፎቶ ማንሣት ከተቻለ ግን ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

የተነደፈ በሬ ወይም ፍየልም አብዛኛውን ጊዜ ሲግጥ አፉ ላይ ስለሚነደፍ አፍንጫውና ከንፈሩ ያብጣል፤ መተንፈስ ሊያቅተው ስለሚችል ሳይዘገይ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

በሐኪም ቤት የሚሰጠው ዋናው ሕክምና ፀረ-መርዝ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ጥቂት መጠን ያለው የእባብ መርዝ ለፈረስ እየተሰጠ፣ ፈረሱ በደሙ ውስጥ ያዘጋጀውን መከላከያ በማጣራት ነው። በደም ሥር የሚሰጥና አንዳንድ ጊዜ ድንገተኛ አለርጂ የሚያስነሣ በመሆኑ አድሬናሊን በተዘጋጀበት ቦታ ካልሆነ መሰጠት የለበትም፤ ስለዚህ በማኅበር ጽሕፈት ቤት ወይም በመድኃኒት ሻጭ ዘንድ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ለሕፃን የሚሰጠው መጠን ለአዋቂ ከሚሰጠው አያንስም፤ የሚታገለው ከገባው መርዝ ጋር እንጂ ከሰውየው ክብደት ጋር አይደለምና።

መድኃኒቱ ከእባቡ ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። በሕንድ እባቦች መርዝ የተሠራ ፀረ-መርዝ በእኛ እፉኝት ላይ አይሠራም። በመግለጫው ላይ ቢቲስ አሪየታንስ የሚለው ስም መጻፉ ዋናው ምልክት ነው። በአፍሪካ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ፋቭ-አፍሪክ የተባለው የፈረንሳይ መድኃኒት ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሞ የመጨረሻው ክምችት በ2016 ጊዜው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው፣ በ2019ም ሞቱንና አካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ ያወጣው እጥረቱ በጎላበት በዚህ ዘመን ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ፣ ብዙዎቹም የገጠር ሠራተኞች ናቸው።

ስለሆነም ታማሚውን ጭኖ ከተነሡ በኋላ መድኃኒቱ የት እንዳለ መፈለግ ይዘገያል። ማኅበሩ ከቦሎቄና ከጤፍ አጨዳ አስቀድሞ፣ መስከረም ወር ውስጥ፣ አንድ አባል መድቦ በአቅራቢያው ላሉት ጤና ጣቢያዎችና ለአዳማ፣ ለባቱ ወይም ለሻሸመኔ ሆስፒታሎች ስልክ ይደውል፤ ለእፉኝት የሚሆን ፀረ-መርዝ በእጃቸው መኖር አለመኖሩን፣ የአገልግሎት ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ፣ በሌሊት ተረኛ ሐኪም እንዳለ ይጠይቅ። መልሱ ከስልክ ቁጥሩ፣ ሌሊት ሊነሣ ከሚችል የባለ ባጃጅ ወይም የባለ መኪና ስልክና ለነዳጅ ከተቀመጠው ገንዘብ ያዥ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳና በአውድማው አካባቢ ይለጠፍ። ፈሳሹ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ፣ ቶሎም የሚያልቅ ስለሆነ ጥያቄው በየሦስት ወሩ ይደገም፤ ወረቀቱም የተጠየቀበት ቀን ይጻፍበት።